ያልቀመስኩት የሩም ወተት

ከአቃቂ የወጣሁ ዕለት ባቡሩ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ነበር የመጣው። እናቴ ጣቢያው ድረስ ሸኘችኝና የጠላ ደንበኞቿ ስለሚጠብቋት ፊሽካው ሳይነፋ ተመለሰች። ለጅቡቲው ሥራ የጠራችኝ የአክስቴ ልጅ አስካለ ነበረች። እሷ ስለ እኔ ያወራችውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። አሁን ከእኔ ስሙ።

ጅቡቲ ማታም አይበርድም። ወተቱ የጣሳ ነው፤ ከገላን ገጠር አቃቂ የሚመጣው ወተት ያለው የወይራ ጢስ ሽታ የለውም። ከአስካለ ጋር የምንሠራበት ቤት ጌታ፣ ሙሴ የምንለው ፈረንሳዊ፣ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ሩም በወተት ይጠጣል። አሠራሩን ያሳየችኝ ሚስቱ ማዳም ናት። ወተቱ ከስኳርና ከቀረፋ ጋር ይፈላና ይቀዘቅዛል፤ ትኩስ ላይ ሩም ካፈሰሱበት ይቋጠራል። ከዚያ በረዶ ጨምሮ ክዳን ባለው ጠርሙስ መናጥ፣ ገውዝ የሚባለውን ቅመም ፍቆ መነስነስ። ሲወፍር ቅቤ ሊወጣው የደረሰ እርጎ ይመስላል።

እኔ ደግሞ እንደ አገሬ ሳልቀምስ መጠጥ አልሰጥም። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ፣ እፊቱ ጠጥቼ ነው የማቀርብለት። ንጉሥ አደረግሽኝ እያለ ይስቅብኝ ነበር። ኋላ ግን ካልቀመስሽልኝ አልጠጣም አለ።

ፍልሰታ ገባ። ወተት ነውና አልቀመስኩም፤ ምክንያቱንም ነገርኩት። ለዛሬ አምኜሻለሁ ብሎ ጠጣ። ብርጭቆው ሳያልቅ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞተ።

ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ፖሊሱ ግን አስጠራኝ።

"ለምን አልቀመስሽም?"

"ጾም ነው።"

"ከሩም?"

"ከወተት። ሩሙ የጾም ነው።"

አስተርጓሚው አስደገመኝ። ፖሊሱ እንባው እስኪፈስ ስቆ ለቀቀኝ።

አስካለ አልሳቀችም። ሁልጊዜ ትቀምስ ነበር፣ የዚያን ዕለት ግን አልቀመሰችም ብላ ለባቡር ሠራተኞች አወራች። ጾም መሆኑን ብቻ ዋጠችው። እሷም እኮ ጾሙን ከእኔ ጋር ከአንድ ድስት ሽሮ ትበላ ነበር። ወሬው አቃቂ ደረሰ፤ የእናቴን ጠላ የሚጠጣ ጠፋ።

ማዳም አላባረረችኝም። ከቀብሩ ማግስት ሁለት ብርጭቆ ሥሪ አለችኝ። አንዱን ባዶው ወንበር ፊት አስቀመጥኩት። ላነሳ ስመለስ የማዳም አልተነካም፤ የሙሴ ባዶ ነው፣ ጠርዙ ላይ ነጭ የከንፈር ምልክት አለበት። የወንበሩ ትራስ ይሞቃል። ጅቡቲ የማይሞቅ ነገር የለም ብዬ ብርጭቆዎቹን አነሳሁ። በየማታው እንዲያው ሆነ። ጾሙ ሲፈታ ማዳም ዓይኗን ከወንበሩ ሳታነሳ፣ "አሁን ቅመሺለት" አለችኝ። መዳፌ ላይ ጠብ ሳደርገው ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

በማግስቱ ደውዬ በአቃቂ ጣቢያ ስልክ እናቴን አስጠራሁ። ሁሉንም ነገርኳት።

"ጾም እንደማትሽሪ አውቃለሁ ልጄ" አለችኝ።

"እንግዲያ ልምጣ፣ እማዬ?"

"ነይ። ብቻ ሰው ሲኖር አንቺ አትቅጂ፤ እኔ እቀዳለሁ።"

"ሰው ሲኖር ብቻ? ለአንቺስ ልቅዳልሽ?"

እሷ ግን ባቡሩ በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ጠየቀችኝ።