ካሜራው ጠፍቷል ስንል

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከደንበኛ ጋር ሲሆን ወሬው አያልቅም። ልጃችን ሚጣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ «ፊልም ነው የማጠናው» ያለች ቀን ግን አኮረፈ። «ፊልም ደግሞ ትምህርት ነው? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ከ«ደህና ዋልሽ» ያለፈ ቃል አይወጣውም። እሷም የአባቷ ልጅ፣ ግትር ናት። መሃል ሆኜ የምቃጠለው እኔ ነኝ።

ዘንድሮ «የመመረቂያ ፊልሜን ስለ አባዬ ሥራ ልሥራ» አለች። እንዴት እንዳግባባሁት እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ካሜራ ከትምህርት ቤቷ ለአንድ ቀን ተውሳ ሱቁ ገባች። እሱ ኮቱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ለጠየቀችው ሁሉ «አዎ»፣ «አይ»፣ «ይመስገን»! ምላሱ የሚፈታው እሷ «ካሜራውን አጠፋሁ» ብላ ሁለታችንን ትታ ውጭ በወጣች ቁጥር ነው።

በማግስቱ የቀረጸችውን ቤት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍት ጩኸቷ ጎረቤት ጠራ። የሚያስጀምረውም የሚያቆመውም አንድ ቁልፍ ነው አሉ፤ ከጅምሩ አዛብታዋለች። ቀረጽኩ ስትል ጠፍቷል፣ አጠፋሁ ስትል ይቀርጻል።

«እማዬ፣ ካሜራውን መልሻለሁ፣ ማስረከቢያው ነገ ነው፣ አልመረቅም!» ብላ መሬት ላይ ዘጭ አለች። «እስኪ ያለውን እንየው» አልኳት። ከፈተችው።

ባሌ ኮቱን አውልቆ ሱሪ ያሳጥራል፤ እኔ አጠገቡ የሸሚዝ ቁልፍ እተክላለሁ።

«ስሚ» ይለኛል፣ ክሩን በጥርሱ እየቆረጠ፣ «ይኼን ሁሉ ዓመት እዚህ መስታወት ፊት የቆመ ሁሉ የሚያየው ራሱን ነው። እኔን ማን አየኝ? ይቺ ልጅ ግን እጄን እንዴት አተኩራ እንደምታይ አየሽ? ፊልም ማለት ይኼ መሆኑን እኔ ሞኙ መች አወቅኩ!»

«ታዲያ ለራሷ አትነግራትም?»

«ወግጂ! አፍራለሁ።»

የሚጣ እንባ ዝርግፍ አለ። ዞር ስንል ለካ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል።

«አባዬ፣ ካልፈቀድክ አላስገባውም።»

ወደ ውስጥ ገባ። «በዚህ ታልፊያለሽ?»

«አልፋለሁ።»

«እንግዲያው ይግባ» አለና አጠገቧ ተቀመጠ። «እስኪ ወደ ኋላ መልሺው። ፊት ለፊት መናገር ያቃተኝን እንደገና ስሚልኝ።»

ፊልሙም አለፈ፣ ሚጣም ተመረቀች። እኔ ግን እፎይ ያልኩት ያኔውኑ ነው፣ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲያዩ።