የመጀመሪያ አልበማችን በወጣበት ዓመት

ቡድኑን የመሠረትነው ሦስት ሆነን ነው፦ እኔ፣ ከአዲስ አበባ ወጥተው ፉሪ ቤት የሠሩ ሰዎች ልጅ የሆነች የትምህርት ቤት ጓደኛዬ፣ እና ሰበታ እኛ ግቢ የተከራየች የፋብሪካ ሠራተኛ። ተከራያችን ከደቡብ የመጣች፣ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ መሪ ድምፅ ነበረች። ከፈረቃ ተመልሳ ልብስ እያጠበች ስትዘምር ሰምቼ፣ አብረን ብንዘፍንስ አልኳት። ሳቀች እንጂ እምቢ አላለችም።

ስቱዲዮው ቡራዩ፣ ከብሎኬት ማምረቻ ጀርባ ነበር። ማሽኑ ሲነሳ ቀረጻ እናቆማለን። በዚህ ሁኔታ ስምንቱን ዘፈን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀብን። አራቱ በአማርኛ፣ ሦስቱ በኦሮምኛ፣ አንዱ ደግሞ ሰፈር እንደምናወራው ሁለቱን የቀላቀለ ነው። አቀናባሪው አንዱን ቋንቋ ምረጡ ቢለንም አልሰማነውም።

ከሁሉም የተወደደው ተከራያችን የጻፈችው ነው። እናቷ ስትደውልላት ሳትበላ “በልቻለሁ” የምትል ልጅ ዘፈን ነው። መጀመሪያ የፋብሪካው ሰርቪስ ውስጥ ተከፈተ፤ ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት አብረው ይዘፍኑት ጀመር። ከዚያ በየትምህርት ቤቱ ሴት ልጆች ሦስት ሦስት እየሆኑ ቡድን አቋቋሙ። እንደ እኛ ሹሩባቸውን ወደ አንድ ጎን ተሠርተው ታክሲ ውስጥ ሳያቸው ፊቴን አዞር ነበር፤ ያሳፍረኝም ደስም ይለኝ ነበር።

አልበሙ በወጣ በወሩ ግን ተከራያችንን ዓለማዊ ዘፈን ዘፍነሻል ብለው ከመዘምራን አገዷት። እናቴ ልታጽናናት ገባች፤ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ያስጀመርኳት እኔ ነኝና። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳት።

“የዘፈንኩት ስለ እናቴ ነው” አለችኝ። “ለእሱ ንስሐ አልገባም።”

መታገዷን ለእናቷ አልነገረቻትም። ሲደወልላት ዝማሬው ደህና ነው ትላለች።

በዓመቱ መጨረሻ ሱሉልታ አንድ ትምህርት ቤት ለወላጆች ቀን ጋበዘን። ሦስት ተማሪዎች ያንኑ ዘፈን ዘፈኑ፤ ግን ግጥሙን ለውጠውት ልጅቷ ለእናቷ እውነቱን ትናገራለች። ተከራያችን እስኪጨርሱ አልጠበቀችም። ስልኳን ይዛ ወጣች። ስከተላት የአጥሩ ጥግ ቆማ በአገሯ ቋንቋ ታወራ ነበር፤ አንድ ቃል አልገባኝም። ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

“እናቴ ዘፈኑን ጎረቤት ስልክ ላይ ከሰማችው ቆይታለች” አለችኝ። “እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው አለችኝ።”

በሚቀጥለው ሳምንት ፈቃድ ወስዳ እናቷ ዘንድ አሥር ቀን ተቀመጠች። ስትመለስ ወደ ድሮው መዘምራን አልሄደችም። ፉሪ ያለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ተቀብላት፣ አሁን እሁድ እሁድ እዚያ ትዘምራለች። እኔም አንዳንዴ እሄድና ከኋላ ተቀምጬ እሰማታለሁ።