ከድር የት እንደተወለደ ልመሰክር ሁሩታ ሄድኩ

ሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

ከአሰላ የተነሣሁት ለምስክርነት ነው። ትናንት ፋጡማ ከሁሩታ ደውላ "አኮ፣ ይድረሱልኝ፤ ከቤት መውጣት አፈርኩ" አለችኝ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ አገሩ ሁሉ እንዲያ ይለኛል። ልጇ ከድር ለወረዳው ምክር ቤት ሊወዳደር ነው። አባቱ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበርና "ከድር የተወለደው ጅቡቲ ነው፤ ዜጋም አይደለም፤ እናቱ ደብቃ ነው ያመጣችው" የሚል ወሬ ተነዛ። እሷም ገበያ መውጣቱን ተወች። ያኔ ሁሩታ ስኖር እትብቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት ዝም ልበል? ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ ማዋለድን ግን ከእናቴ ተምሬያለሁ።

ኢተያ

ስንዴው ደርሶ መንገዱን ግራና ቀኝ ወርቅ አልብሶታል። የእህል ማጨጃ ኮምባይነር መንገድ ዘግቶብን ሚኒባሳችን ቆመ፤ የገብስ ቆሎዬን አጠገቤ ለተቀመጡት አደልኩ። ወሬውም ከቆሎው ጋር ተጀመረ።

"ከድር የሚሉት ሰው ኬንያ ነው የተወለደው" አለ ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ።

"ኧረ ጅቡቲ ነው! ወረቀቱን ፌስቡክ ላይ አይቻለሁ" አለችው ሽንኩርት ነጋዴዋ።

"መርከብ ላይ ነው ሲባል ነው የሰማሁት" አለ ሾፌሩ።

"ልጆቼ፣ ያዋለድኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ጎልማሳው ትንሽ አሰበና "ታዲያ እማማ፣ የመርከቡ ስም ማን ነበር?" አለኝ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ።

ሁሩታ

ነገሩን ሊሰሙ የተጠሩት ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል፤ ፋጡማ ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ ጥግ ይዛለች። ወሬውን ያመጣው የእህል ነጋዴው ጀማል ነው።

"አኮ፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን እርጅና ያስረሳል" አለኝ።

"እሺ ልጄ። አንተን ማን አጠባህ?"

"እናቴ ታማ ስለነበር አዴ ፋጡማ ናት። ይህንንማ ማን የማያውቅ አለ?"

"መቼ ወደ እሷ ወሰዱህ?"

"ከድር በተወለደ በሦስተኛው ቀን ነው ይባላል።"

"እሷ ጅቡቲ ከነበረች፣ አንተም የጠባኸው እዚያው ነዋ! በል መታወቂያህን አምጣ!"

ዋርካው ሥር ያለው ሰው በሳቅ ፈነዳ። ጀማል ሁለቱንም ነገር ዕድሜ ልኩን ያውቃል፣ አንድ ላይ አስቦት ግን አያውቅም። አንድ አባት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና "ጠቅልላ ወደ ፋጡማ የወሰደችህ የኔዋ ባለቤት ናት፤ እዚሁ፣ ከወንዙ ማዶ። የጡት ወንድምህን ነው አገር የነሣኸው" አሉት።

ጀማል ሄዶ ፋጡማ ጉልበት ላይ ወደቀ። እሷም በጥፊ የምትመታው መስላ ጆሮውን ያዘችና "ስትጠባም ትነክሰኝ ነበር" አለችው።

ማክሰኞ

ፋጡማ መናኸሪያ ሸኘችኝ። በጓሮ በኩል የሚያቋርጥ መንገድ ነበር፤ እሷ ግን በገበያው መሃል ይዛኝ አለፈች። የሽንብራ ዋጋ ሳትጠይቃት ያለፈቻት ነጋዴ የለችም፤ አንድ ፍሬ እንኳ አልገዛችም።

አሰላ

ቤት ስገባ ልጄ "እማዬ፣ አሁንም እዚያ ብትኖሪ ኖሮ ከድርን ትመርጪው ነበር?" አለችኝ።

መንገዱ ያስተማረኝ ይህን ነው። ወሬው ሁላችንንም ስለ ተወለደበት ቦታ ሲያነጋግር፣ ስለ ቧንቧው ውሃ፣ ስለ ማዳበሪያው የጠየቀ አንድም ሰው አልሰማሁም።

"የት እንደተወለደ አውቃለሁ" አልኳት፤ "ምን እንደሚሠራ ግን ገና አላየሁም።"