ኮላ ድባ ደርሶ መልስ፣ በአጎቴ ክንድ

ከጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር የወጣሁት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሽርሽር እንዳይመስላችሁ! ወር ሙሉ ጉልበቴን እያመመኝ ስላነከስኩ የብስክሌት አሰልጣኛችን ቁርጤን ነግሮኛል። «ኮላ ድባ ደርሰህ እስከ ስድስት ሰዓት ካልተመለስክ የእሁዱን የአውራጃ ውድድር እርሳው። ሳይክሉንም ለሌላ እሰጠዋለሁ» አለኝ። ሳይክሉ የቡድኑ ነዋ!

ትናንት ከሰዓት ግቢያችን ውስጥ ራሴው አስተካከልኩት። ጉልበቴን የፈጀው የኮርቻው ዝቅ ማለት ኖሯል፤ ተረከዜን ፔዳሉ ላይ አድርጌ እግሬ ቀጥ እስኪል ከፍ አደረግኩት። ቀጥሎ ከኮርቻው ጫፍ እስከ መሪው አንድ ክንድ መሆን አለበት። እኔ ቡሎኑን ስፈታ፣ ጨርቅ ነጋዴው አጎቴ እንድሪስ «ተው አንተ! ስለካ የኖርኩ ሰው እያለሁ!» ብሎ ክርኑን ኮርቻው ጫፍ ላይ አሳርፎ ለካልኝ። ኮርቻውን እሱ እስካለኝ ድረስ ወደ ኋላ ገፍቼ አጠበቅኩት።

አዘዞ

እስከ አዘዞ አስፋልት ነው። ጉልበቴ ዝም አለ! ብቻዬን እንደ እብድ ጮህኩ። ኬላው ላይ ጠባቂው የቀበሌ ይለፌን እያገላበጠ «በዚህ ቀጭን ጎማ ደንቢያ ኮላ ድባ ልትገባ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያ ወዲያ ጠጠር ነው። ግራ ቀኙ የሽንብራ ማሳ ነው፤ ደስ ይላል፤ እኔ ግን ምኑን አየሁት! መሪው ራቀኝ፣ ትከሻዬ ተቃጠለ፣ እጄ ደነዘዘ።

ኮላ ድባ፣ ሦስት ሰዓት

የስሙኒ እሸት ሽንብራ ገዝቼ ገበያው ዳር ተቀመጥኩ። ጣቶቼ ፍሬን መጨበጥ አቅቷቸዋል። አለቀልኝ አልኩ። አጠገቤ አንዲት ሴት ከአቡጀዲ ሻጭ ጋር ትጨቃጨቃለች።

«ባንተ ክንድ አልገዛም! አያ ጥጋቡን ጥሩልኝ፣ ሸጋ ክንድ ያለው እሱ ነው።»

«ምነው እቴ! የሱ ከኔ በአራት ጣት ይበልጣል፤ ልታከስሪኝ ነው?»

ብድግ አልኩ። አጎቴ እንድሪስ እኮ ገበያተኛ የሚሻማበት በክንዱ ርዝመት ነው! የራሴን ክርን ኮርቻው ጫፍ ላይ ሳሳርፍ፣ መሪው በአራት ጣት ራቀኝ። ቁልፌን ከቦርሳዬ መዝዤ ኮርቻውን ወደ ፊት ሳብኩት።

ሴትዮዋ ጭቅጭቋን ትታ አየችኝ። «በራስህ ክንድ አትለካም ነበር?»

«ጅል ሆኜ ነው እናቴ!»

ጎንደር

ስመለስ መሪው እጄ ውስጥ ገባ፤ ጠጠሩም ጠጠር አልመስልህ አለኝ። የአዘዞን ዳገት ከሳይክሉ ሳልወርድ ጨረስኩት። አሰልጣኙ ፒያሳ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ለስድስት አስር ጉዳይ!

«ጉልበትህስ?»

«ምንም!»

የእሁዱ ውድድር ቁጥር የተጻፈበት ጨርቅ ሰጠኝ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ሰው ወድዶኝ የለካልኝም ቢሆን በራሴ አካል መሞከር እንዳለብኝ ነው። እቤት ስገባ እናቴ ላብና አቧራ የለበሰ ፊቴን አይታ ደነገጠች። «ሳይክሉን ወሰዱብህ?» አለችኝ። ቁጥሩን ዘርግቼ አሳየኋት። እልልታዋን የሰማ ጎረቤት ሁሉ ልጇ የተዳረ መስሎት መጣ።