ዝርዝር ይሻላል ያለችው ዓለሚቱ

ዓለሚቱን መገናኛ የሚያውቃት በዝርዝሯ ነበር። ከታክሲ ተራው ጥግ ዣንጥላ ዘርግታ፣ የሳንቲም ከረጢቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ለማኞች የቀን ሳንቲማቸውን አምጥተው በድፍን ብር ይቀይሩባታል፤ እሷ ያንኑ ለታክሲ ረዳቶች ትሸጣለች። መቶ ብር የሰጣት ረዳት ዘጠና አምስቱን በሳንቲም ይዞ ይሄዳል።

"እናቴ፣ አንቺ እኮ በጠራራ ፀሐይ ነው የምትዘርፊው!" ይላታል።

"ተወዋ! ሂድና ለተሳፋሪው መልሱን በቡጢ ስጠው።"

ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረች። ያ ሥራ ያስተማራት አንድ ሕግ ነው፤ ድፍን ይረክሳል፣ ዝርዝር ይፈለጋል። ሰው በስልክ መክፈል ሲጀምር ግን የሳንቲሙ ገበያ ቀዘቀዘ፤ ዣንጥላዋን አጥፋ ወደ ኮንዶሚኒየሟ ገባች። እኔ ከእሷ አንድ ፎቅ ዝቅ ብዬ ነው የምኖረው። ባሏ ባይሳ፣ የለሚ ገበሬ ልጅ የነበረው ዘበኛ፣ ከሞተ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር።

ልጇ ፌናን ቦሌ ለሚ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። እናቷ እጇን አጣጥፋ መዋሏ ስላሳሰባት ከስልኳ ላይ ሥራ ፈለገችላት። ኦሮምኛ ለማሽን የሚያስተምሩ የውጭ ሰዎች ድምፅ ይፈልጋሉ። ፌናን ታነባለች፣ ዓለሚቱ ደግማ ትናገራለች፤ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ጥቂት ሳንቲም። ክፍያው ግን ክሪፕቶ የሚሉት ነው፤ ባንክ የሌለው፣ በዓለም ዙሪያ በተበተኑ ኮምፒውተሮች ላይ የሚመዘገብ ገንዘብ።

መጀመሪያ ላይ ስልኩ ጠየቀ፤ ክፍያው ተጠራቅሞ በወር ይምጣ ወይስ በየዓረፍተ ነገሩ?

"በወር ይሁን፣ እማ" አለች ፌናን።

"ኧረ ባክሽ! ዝርዝር ይምጣልኝ። ድፍን ማን ይፈልጋል?"

ፌናን ሳቀች፤ እናቷ ያለችውንም ስልኩ ላይ ነካች። ከዚያ ወዲህ በሦስት ዓመት ውስጥ ዓለሚቱ በዚያ የኮምፒውተሮች መረብ ላይ ከስምንት ሺህ በላይ ፍርፋሪ አጠራቀመች። አንዱ ከአንዱ ሳይገጣጠም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተመዝግቦ። ይህ ስሕተት መሆኑን ከሦስታችን ማንም አላወቀም።

ዘንድሮ በየካቲት፣ ባይሳ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ አስነገረ። አጥሩ ወደ ውስጥ ስለሚገባ በዚያ በኩል ያሉት መቃብሮች ይነሳሉ። ቤተሰብ እስከ ሰኔ ሠላሳ ለአፅሙ ፉካ ይግዛ፤ ፉካ ያልተገዛለት ወደ ጋራ ጉድጓድ ይገባል። ፉካ ማለት በግንብ ውስጥ ያለች፣ ስም የሚጻፍባት አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ናት። ዓለሚቱ ከዓለም የፈለገችው እሷን ብቻ ነበር። ፌናን አስልታ ነገረቻት፤ የስልኩ ገንዘብ ወደ ብር ቢቀየር፣ እድሩ ከሚረዳት ጋር ይበቃል።

በዚያው ሰሞን በመረቡ ላይ ክርክር ተነሳ። ፌናን እንግሊዝኛው ረቀቀባትና ከእናቷ ጋር ስልኩን ይዛልኝ መጣች። ጉዳዩ ይህ ነው። ቀልደኞችና አጭበርባሪዎች መረቡን በሚሊዮን በሚቆጠር ኢምንት ክፍያ አጨናንቀውታል፤ እያንዳንዱን ኮምፒውተሮቹ ለዘላለም መሸከም አለባቸው። ስለዚህ ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ክፍያ ከግንቦት ማብቂያ በኋላ እንዳያልፍ ሕግ ይውጣ ተባለ። ፍርፋሪ ያለው ከዚያ በፊት ሰብስቦ አንድ ያድርገው። መሰብሰቢያው ግን በየፍርፋሪው ያስከፍላል። የዓለሚቱን ለመሰብሰብ ያኔ ከሦስት አንዱን ይወስድ ነበር።

"እነዚህን ትንንሾቹን ምን ብለው ነው የሚጠሩት፣ ጋሼ?" አለችኝ ዓለሚቱ።

"አዋራ።"

"አዋራ? በኛ በኦሮምኛም አዋራ ነው የሚባለው። ሦስት ዓመት ጉሮሮዬ የደረቀው ለአዋራ ነው በሉኛ!"

ሳቀች፤ አብሬ ሳቅሁ። ቀጥላም፣ "ታዲያ ምን ይሻላል? ሲሶውን ሰጥቼ ላውጣው?" አለች። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ እኔ ነኝ ያከበድኩት። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ለፍልስፍና ተማሪዎቼ ስንት ፍሬ ጤፍ ሲሆን ነው ክምር የሚባለው እያልኩ ዓመታት አስተምሬያለሁ። አንድ ፍሬ ክምር አይደለም፤ አንድ ፍሬ መጨመርም ክምር ያልሆነውን ክምር አያደርግም፤ ክምሩ ግን አለ። ያ ሁሉ ዓመት ለዚህች ቀን ያዘጋጀኝ መሰለኝ።

"ቆይ፣ አትቸኩይ። እጽፍላቸዋለሁ" አልኳት። "ክርክሩ ገና ነው፤ እውነቱም ከኛ ጋር ነው።"

ጻፍኩ። የመገናኛዋን ከረጢት፣ ለማኞቹን፣ የጤፉን ክምር ሁሉ አስገባሁበት። መቶ ያህል ሰው ወደደው። አንዱ፣ "የጭነት መርከብ ፖስታ አያመላልስም፤ ለትንሹ ሌላ ታንኳ ይፈለግለት" ብሎ መለሰልኝ። እኔም መለስኩለት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ክርክሩም ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ ከጡረታ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ዓለሚቱ በደረጃው ስትወርድ ትጠይቀኛለች።

"እንዴት አደራችሁ ከሰዎቹ ጋር?"

"እየረታናቸው ነው!"

"ተባረኩ።"

በመጋቢትና በሚያዝያ በዓለም ላይ ያለ ፍርፋሪ ያለው ሁሉ ለመሰብሰብ ተሽቀዳደመ፤ የመሰብሰቢያው ዋጋ ከቀን ወደ ቀን ተሰቀለ። ይህን ያየችው ፌናን ናት፤ እኔ መልስ እየጻፍኩ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከፋብሪካ በቀጥታ ቤቴ መጣች።

"ጋሼ፣ አሁን አንዷን ለማንሳት የሚያስከፍለው አንዷ ከያዘችው በለጠ። ብናወጣው ዜሮ ነው። እንዲያውም ከዜሮ በታች ነው።"

"ይወርዳል እኮ፣ እስከ ግንቦት —"

"እርስዎ አይደሉ ቆዩ ያሉን?"

ድምፅዋን አላነሳችም፤ ያስተዳደጓ ነገር። ሕጉ በግንቦት ማብቂያ ጸደቀ። ስምንት ሺው ፍርፋሪ ዛሬም በዓለሚቱ ስም ተመዝግቦ ይታያል፤ ማንም አይሰርቀውም፣ እሷም አትነካውም። የእድሩ ርዳታ ብቻውን ለፉካው አልደረሰም። ከጡረታዬ ጨምሬ ላሟላ አልኳት።

"የባሌን ቤት እኔ ነኝ የምሠራለት፣ ጋሼ" አለችኝ። "የርስዎን ብር ወስጄ ለምን በእዳ ይተኛ?"

ለመንኳት፤ ፌናንም ለመነቻት፤ አልሰማችንም። ሰኔ ሠላሳ እንዲሁ አለፈ።

ሐምሌ በገባ በአምስተኛው ቀን ካፊያ እየጣለ አፅሞቹ ተነሱ። የሰበካው ጸሐፊ ይትባረክ ዝርዝሩን በፕላስቲክ ሸፍኖ በር ላይ ቆሟል።

"ፉካ የገዛችሁ በዚህ፣ ያልገዛችሁ በዚያ በኩል።"

ዓለሚቱ በዚያ በኩል ሄደች። ባይሳን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አወጡት፤ አንድ ሰው በክንዱ አቅፎ የሚሸከመው ያህል ሆኖ ነበር። "በየትኛው ጥግ ነው የምታኖሩት?" አለችው ይትባረክን። "በኋላ መጥቼ የምቆምበትን እንዳውቅ ነው።"

"እትዬ፣ ጥግ የለውም እኮ። ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚገባው።"

"ምልክት ግን —"

"የለውም፣ እናቴ። ይቅር ይበሉኝ።"

ጉድጓዱ ከተሞላ በኋላ ቄሱ ከይትባረክ ወረቀት ላይ ፉካ የገቡትን በክርስትና ስማቸው አንድ በአንድ ጠርተው ፍትሐት አደረጉላቸው። ወረቀቱ አለቀ። ወደ ጉድጓዱ ዞረው፣ "አቤቱ፣ የእነዚህን ስም አንተ ታውቃለህ" አሉና መስቀላቸውን አነሱ።

"ባይሳ!" አለች ዓለሚቱ ከኋላ።

ጥቂት ሰዎች ዞር አሉ። አጠገቧ የቆመች ሴት ክንዷን ያዝ አደረገቻት። "የክርስትና ስሙን ነው እትዬ፣ የክርስትና ስሙን ይበሉ።"

ዓለሚቱ አፏን ከፈተች። ስሙ ጠፋባት። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው ኖራ፣ በየዓመቱ ለሙት ዓመቱ ያስጠራችው ስም ያን ጊዜ ጠፋባት። ወደ ፌናን ዞረች፤ ፌናን ታለቅሳለች። ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ አላውቀውም። ቄሱ መጽሐፋቸውን ከዝናቡ በካባቸው ከልለው ወደ ቅጽሩ እየሄዱ ነበር።