የጋቢው አራተኛ ጫፍ

የታሰርንበት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ከነጓደኛዬ ገፍትረው ሲያስገቡን መጀመሪያ የሸተተኝ የገብስ አቧራ ነው፤ የባሰ ጠብቄ ስለነበር እንዲያውም ደስ አለኝ። ደብረ ታቦር ላይ የተያዝነው በስብሰባ ስለተናገርነው ነገር ነው። እኔ መምህር ነኝ፤ እሱ የጤና መኮንን። ስድስት ዓመት በአንድ ቤት ኖረናል።

በወሩ እስረኛው ሁሉ የኮሮና ክትባት ተከተበ። በዚያው ሰሞን ተቅማጥም ክፍሉን አዳርሶ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የእግር ጣቶቼ ደነዘዙ፤ በሦስተኛው ቀን መቆም አቃተኝ። ጓደኛዬ ጉልበቴን በጣሳ ጠርዝ መታ መታ አደረገው። እግሬ ንቅንቅ አላለም።

«ነርቭህ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ወደ ላይ እየወጣ ነው። ትንፋሽህን ሳይዝ ሆስፒታል መድረስ አለብህ።»

ከሰዓት በኋላ የእስር ቤቱ ኃላፊ በሩ ላይ ቆመ። «ባለሙያው አንተ ነህ። ታሟል ወይስ ያስመስላል?»

ጓደኛዬ ሊፈታ እንደሆነ ያን ዕለት ጠዋት ተነግሮት ነበር። ወደ እኔ ሳያይ፣ «ደህና ነው። ሲፈራ እንዲህ ያደርገዋል» አለ።

በሩ ተዘጋ። ልሰድበው አየር ሳብኩ፤ አየሩ አጠረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተከድቼ አላውቅም።

ከይፋግ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ሁሉንም ሰምተዋል። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አሉና ጋቢያቸውን አነጠፉ። «እኛ አገር በሽተኛ በቃሬዛ ነው የሚወጣ። ቃሬዛ ቢጠፋ ጋቢ አለ።» እላዩ ላይ አስተኙኝና «ሰው እየሞተ ነው!» እያሉ በሩን እስኪከፈት ድረስ በጡጫ ደበደቡት።

እሳቸውና ሁለት እስረኞች ሦስቱን ጫፍ ያዙ። አራተኛውን ጓደኛዬ ጨበጠ።

«ልቀቅ» አልኩት።

«ትወድቃለህ!»

«ልቀቅ።»

ለቀቀ። በሩን የከፈተው ጠባቂ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረና ጫፉን ያዘ።

ሆስፒታል ሐኪሟ አልዋሸችኝም። «የሰውነትዎ መከላከያ በስሕተት ነርቭዎን አጥቅቷል። ክትባቱ ቀስቅሶት ይሆናል፤ ተቅማጡም ሊሆን ይችላል። በእርግጠኝነት ልነግርዎ አልችልም» አለችኝ።

ዛሬ በከዘራ እሄዳለሁ። ስለ ክትባት ሐኪም እጠይቃለሁ፤ ስለ ወዳጅ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም።

አምና ያ ጓደኛዬ ገበያው አጠገብ ከባጃጅ ወርዶ ሰላም አለኝ። እግሬን አየት አደረገና፣ «ያ መርፌ ጉድ ሠራህ» አለ።

«ይሆናል» አልኩት። «መርፌው ግን አያውቀኝም ነበር።»