ቤልጅጉ ወይስ አሜሪካኑ

የመጀመሪያ ቀን ጠመንጃ ቤቱ የገባሁት መወልወያና ባልዲ ይዤ ነው። የጽዳት ድርጅቱ አድራሻውን ሲሰጠኝ «የስፖርት ዕቃ መደብር ነው» ብሎኝ ነበር። ኳስና ጫማ ጠብቄ በሩን ስከፍት ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠመንጃ ነው። ባልዲውን እዚያው አስቀምጬ ወጣሁና የበሩን ቁጥር እንደገና አየሁ። ልክ ነበር።

የሱቁ ባለቤት ዋልተር ይባላል። ስልሳን የተሻገረ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በአማርኛ ቢሆን አንቱ እለው ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሁሉም «ዩ» ስለሆነ ተገላገልኩ። በሩ ላይ ቆሜ ሲያየኝ «ግቢ፣ አይነክሱም» አለኝ። ባዶ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ አልኩት። አንዱን አውርዶ፣ አፈሙዙን ወደ ወለሉ አድርጎ፣ ማቀባበያውን ስቦ ባዶውን አሳየኝ። እንደገና አሳየኝ አልኩት፤ አሳየኝ። ሦስተኛ ስጠይቀው ሳቀ፣ ግን አሳየኝ።

ስድስት ወር ወለሉን ወለወልኩ። አንድ ማክሰኞ ዋልተር ሳንድዊች ሊገዛ ሲወጣ የጥይቱ ቁም ሣጥን ሳይቆለፍ ቀርቶ አገኘሁት። ጀርባዬን የሣጥኑ በር ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ሲመለስ እንደዚያው ነኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለ።

«ክፍት ነው። ትቼው ብሄድ ሰው ቢገባስ?»

ሳንድዊቹን አስቀምጦ ሣጥኑን ቆለፈና «ካውንተር ላይ ሰው እፈልጋለሁ» አለኝ።

«እኔ እኮ ፈሪ ነኝ» አልኩት።

«ጀግኖቹን ሞክሬያቸዋለሁ» አለ።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ካውንተር ላይ ለመቆም የደኅንነት ኮርስ ወስዶ ላይሰንስ ማውጣት ግድ ነበር። መጽሐፉን ያነበበችልኝ ልጄ ሜሮን ናት። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ክሬሰንት ታውን ሰፈር ባለው አፓርትመንታችን ወጥ ቤት ውስጥ እሷ እንግሊዝኛውን እያነበበች፣ እኔ በአማርኛ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው አለፍኩ። ዋልተር ስሜን አዜብ ማለት ስላቃተው «ኢዚ» አለኝ። ኢዚ ማለት ቀላል ማለት መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ። ደንበኛውን ላይሰንሱን ሦስት ጊዜ ስጠይቅ ከጓዳ ሆኖ «ይቺ ናት ኢዚ!» እያለ ይስቃል።

ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስፖርት ዕቃ ቤት እንደምሠራ ነበር የነገርኳቸው። ውሸት አልነበረም፤ ታፔላውም እንደዚያው ነው የሚለው።

ወሬ ግን አይቀርም። በሁለተኛው ዓመት አቶ ጌታሁን መጡ። ታክሲ የሚነዱ፣ የጎጃም ሰው ናቸው። የአደን ፈቃዳቸውን አውጥተው፣ በፕላስቲክ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ይዘዋል። እኔን ካውንተር ላይ ሲያዩ ደነገጡ፤ እኔም ደነገጥኩ።

«አዜብ፣ ስፖርቱ ይሄ ነው እንዴ?»

«ምን ላሳይዎ ጋሼ?»

«ያንን፣ ራሱ የሚጎርሰውን።»

ሴሚ አውቶማቲክ የሚባለውን ማለታቸው ነው። ለማያውቅ ሰው ልዩነቱ ቀላል ነው። በእጅ የሚቀባበለውን ጠመንጃ ለያንዳንዱ ጥይት አንተ ታጎርሰዋለህ። ሴሚው አንዱን ተኩሶ ቀለሃውን ራሱ ይተፋል፣ ቀጣዩን ራሱ ይጎርሳል። ቃታውን ግን በየጥይቱ አንተው ትስባለህ። ይህንን አስረድቼ ስጨርስ አቶ ጌታሁን ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ሴሚ ማለት ግማሽ አይደለም?»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው።»

«ታዲያ ግማሹን ምን ላደርግ? ሙሉውን አውጪልኝ።»

«ሙሉው እዚህ አገር ክልክል ነው።»

«እንግዲያ ዋጋውም ግማሽ ይሁና።»

ዋልተር ምን እንዳሉ ጠየቀኝና ስተረጉምለት ካውንተሩን ተደግፎ ሳቀ። አቶ ጌታሁን ግን ቀጠሉ። አባታቸው የቤልጅግ ጠመንጃ ነበራቸውና እሳቸውም ከቤልጅግ ሌላ አይነኩም። እኛ ደግሞ በሴሚ በኩል የምንሸጠው በዋናነት ሁለት ብራንድ ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ዛሬም ይሸጣሉ። ሱቅ ውስጥ አንዱን ቤልጅጉ፣ ሌላውን አሜሪካኑ እንላቸው ነበር። ቤልጅጉን አወረድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብረቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡ።

«ይሄ እኮ ጃፓን ነው የተሠራው ይላል።»

«ስሙ የቤልጅግ ነው፤ ፋብሪካው ጃፓን ነው።»

አስበው አስበው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንደ ልጄ ነዋ። ስሙ በላይነህ፣ ሥሪቱ እዚሁ ስካርቦሮ» አሉና ገዙት።

በብራንድ የሚጣሉ ደንበኞች እንደ እግር ኳስ ደጋፊ ናቸው። ቤልጅጉን የያዘ አሜሪካኑን መጥረጊያ ይለዋል፤ አሜሪካኑን የያዘ ቤልጅጉን የሰርግ ዕቃ ይለዋል። ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርገህ ተኩስ ስትለው ግን አብዛኛው ሰው ልዩነቱን አይነግርህም። ስለዚህ የራሴን ዘዴ አወጣሁ። አረንጓዴውን ጨርቅ አነጥፋለሁ፣ ሁለቱም ባዶ መሆናቸውን ጮክ ብዬ እየተናገርኩ ሦስት ጊዜ አያለሁ፣ ከዚያ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ምን ልታድን ነው? ስንት ሰዓት ትሸከመዋለህ? በየትኛው እጅ ትተኩሳለህ? ማን ያጸዳዋል?

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ወንዶች ይዋሻሉ። ሴሚ ካልጸዳ አይጎርስም፤ በብርድ ውስጥ ቆመህ አንዱን ተኩሰህ ሁለተኛው ይነክስብሃል። «እኔ ራሴ ነኝ የማጸዳው» ይላል ሰውየው። ሚስቱ አብራው ካለች እኔ እሷን ነው የማየው። ከሳቀች፣ ለመፍታት የሚቀለውን አሜሪካኑን እሰጠዋለሁ። ካልሳቀች ትከሻው ላይ የተመቸውን ይመርጣል። ቁመተ አጭር ሰው ላይ የቤልጅጉ ሰደፍ ይረዝማል፤ አሜሪካኑ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ለተሸከመው ይከብዳል። ሙያው ይኸው ነው። ዋልተር በአምስተኛው ዓመት ቁልፍ ያዥ አደረገኝ። ከዚያ በላይ ያለው ማዕረግ ባለቤትነት ብቻ ነበር።

አንድ የሱቅ ሕግም ነበረን። ማንኛውም ካውንተር ላይ የቆመ ሰው ልቡ ካላመነ፣ ምክንያት ሳይሰጥ ሽያጭ እምቢ ማለት ይችላል። በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ።

አራተኛዋ ሜሮን ነበረች።

ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቷት፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራ ነበር። እጮኛዋ የሰድበሪ ከተማ ልጅ ነው። ቤተሰቡ በየመከሩ ጫካ ገብቶ አጋዘን ያድናል፤ የወደፊት አማቷ በዚያ ዓመት አብረሽን ነይ አሏት። አንድ ቅዳሜ እንደማንኛውም ደንበኛ ተሰልፋ ቆይታ ካውንተሩ ጋ ደረሰች።

«ሃይ እማ። ላይሰንሴን ቼክ አድርጊ።»

«የምን ላይሰንስ?»

«ኮርሱን ካንቺ ጋር አንብቤዋለሁ እኮ። እኔ በአንዴ ነው ያለፍኩት።»

ካርዱን አየሁት። ፎቶው እሷ ናት። ገልብጬ አየሁት። ዋልተርን ጠርቼ ይህን ሽያጭ እምቢ ብያለሁ አልኩት።

«ምክንያት መስጠት የለብሽም» አለ። «ግን ለወሬ ያህል፣ ለምንድን ነው?»

«እናቷ ነኝ።»

ሜሮን ጣሪያውን አየች። ዋልተር ወደ ጓዳ ወስዶኝ በሩን ዘጋው። «እዚህ እምቢ ካልሻት ሌላ ሱቅ ትሄዳለች» አለኝ። «እዚያ ሦስት ጊዜ የሚያይላት ሰው የለም።»

ተመልሼ አረንጓዴውን ጨርቅ አነጠፍኩ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የሁለቱን ብራንድ መመሪያ መጻሕፍት ቤት ወስጄ አነበብኩ። ክብደታቸውን በሱቁ ሚዛን ደግሜ መዘንኩ። ቤልጅጉ ቀለል ይላል፤ አሜሪካኑ ወደ ኋላ ሲመታ ለስለስ ይላል። ሜሮን ቀጭን ናት፣ ትከሻዋን ቢመታትስ? ጫካ ውስጥ ቢከብዳትስ? አንድ ቀን አሜሪካኑን እላታለሁ፣ በማግስቱ ኮል አድርጌ ቤልጅጉን እላታለሁ። «እማ፣ ጠመንጃ ነው እንጂ ባል አይደለም» አለችኝ። «ባሉንማ ሳትጠይቂኝ መረጥሽ» አልኳት። በመጨረሻ አሜሪካኑን ወሰንኩላት።

ከመክፈሏ በፊት ዋልተር በሱቁ ጠመንጃ ትሞክር አለ። እሑድ ከሰዓት ከከተማ ውጭ ወዳለው የተኩስ ክበብ በመኪናው ወሰደን። የጆሮ መከላከያና መነጽር አደረግን። ሜሮን ሰደፉን ቀኝ ትከሻዋ ላይ አድርጋ አምስት ተኮሰች። ወረቀቱ ላይ አንድም ቀዳዳ የለም። ደገመች። አንዱ ጥጉን ነካው።

ዋልተር ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ አስቀመጠው። ሁለት መዳፏን ዘርግታ፣ በአውራ ጣቶቿ መሃል ትንሽ ቀዳዳ ትታ፣ በዚያ ውስጥ ወረቀቱን እንድታይ አደረገ። «አሁን ግራ ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት።

«ጠፋ» አለች።

«የምታነጣጥሪው በግራ ዓይንሽ ነው። ግራኝ ነሽ?»

ሜሮን ዞር ብላ እኔን አየች።

«ነበርኩ» አለች። «እማ አዳነችኝ።»

እውነቷን ነው። ሦስት ዓመት ሲሆናት በግራ እጇ መጉረስ ጀመረች። በግራ እጅ አይበላም ብዬ፣ ሰው ፊት እንዳታሳፍረኝ ብዬ፣ ገበታ ላይ ግራ እጇን ካልሲ አጠልቄ አስርላት ነበር። በቀኝ መብላት ለመደች፤ በቀኝም ጻፈች። እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከመንገድ የገባን ሰው ሁሉ በየትኛው እጅ ትተኩሳለህ ብዬ ስጠይቅ የኖርኩ ሴት፣ እሷን አልጠየቅኋትም። እኔ አይደለሁም ወይ ያሳደግኋት?

«በግራ ሞክሪው» አላት ዋልተር።

በግራ ትከሻዋ ያዘችው። ሦስቱን ጥይት ወረቀቱ መሃል አስቀመጠች። ሌላ ሰው ነው የምትመስለው። ነገር ግን ጠመንጃው ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው። ቀለሃውን ወደ ቀኝ ሲተፋ በፊቷ አጠገብ ያልፋል፣ ጭሱም ጉንጯ ላይ ይመጣል። በአራተኛው ዓይኗን ጨፈነች። በአምስተኛው ቃታውን ስትስብ ፊቷን አዞረች።

ዋልተርና እኔ ተያየን። ፊቱን አዙሮ የሚተኩስ ሰው ጥይቱ የት እንደሚሄድ አያውቅም። ጫካው ውስጥ ደግሞ ሌሎች ሰዎች አሉ።

ወደ ግራ የሚተፋ አሠራር የነበረው ቤልጅጉ ብቻ ነው። በማግስቱ ካታሎጉን ስናይ ትዕዛዙ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። አደኑ ሊከፈት አምስት ሳምንት ቀርቶታል። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። እኔ ሳልከለክላት ካታሎጉ ከለከለልኝ። ዘንድሮ ትቀራለች፣ ለከርሞ እግዜር ያውቃል አልኩ።

ሜሮንን ኮል አድርጌ ነገርኳት።

«ኦኬ፣ እንግዲያ አሜሪካኑን እወስዳለሁ» አለች። «እለምደዋለሁ።»

«ፊትሽን እያዞርሽ?»

«በቀኝ መብላት ለምጄ የለ?»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። አንድ የማውቀው ነገር ነበር። አከፋፋዩ በየወሩ የሚልከውን፣ በየሱቁ ያለውን ዕቃ የሚያሳይ ዝርዝር የማነበው እኔ ነኝ፤ ለግራኝ የተሠራ አንድ ቤልጅግ ሃሚልተን ከተማ ያለ ተፎካካሪ ሱቅ መደርደሪያ ላይ እንዳለ አይቻለሁ። ዋልተር ዝርዝሩን አያነብም። ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም። ዝም ብል ግን ልጄ የማይሆናትን ይዛ ጫካ ትገባለች። ብናገር የሚሆናትን ይዛ ትገባለች። የምትቀርበት መንገድ ከፊቴ አልነበረም፤ ያለ የመሰለኝ ለእኔ ብቻ ነበር።

ለሃሚልተን ደወልኩ። ጠመንጃው አለ አሉኝ። ለግራኝ መሆኑን ሦስት ጊዜ አስረገጥኳቸው። አስቀምጡልን አልኳቸውና ለዋልተር ነገርኩት።

«ኢዚ፣ የገዛ ልጅሽን ተፎካካሪ ሱቅ ላክሻት?»

«አዎ።»

«ለሠራተኛ የምሰጠውን ቅናሽ ግን እዚያ አታገኙም» አለና ቅዳሜ ፈቃድ ሰጠኝ።

ሃሚልተን ያለው ሻጭ ጎልማሳ ነው፤ ችኩል ነው። አንዴ ከፍቶ አሳየን። እንደገና ክፈተው አልኩት። ሜሮን «ሶሪ፣ እናቴ ናት» አለችው። በሦስተኛው ራሷ ተቀብላ ከፍታ፣ ጣቷን አስገብታ፣ «ባዶ ነው» አለች ጮክ ብላ። በግራ እጇ ነበር የያዘችው። ሰደፉ ትከሻዋ ላይ ልክ ነው። ይከብድሻል ወይ አልኳት፤ አይከብደኝም አለች። ማን ያጸዳዋል አልኳት፤ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

አደኑ ላይ አምስት ቀን ቆየች። እነዚያን አምስት ቀናት በኔ ሺፍት የመጣ ደንበኛ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሦስት ሳይሆን ስድስት ጊዜ አይቷል። አቶ ጌታሁን ጥይት ሊገዙ መጥተው ምን ሆነሽ አሉኝ። ነገርኳቸው። «ግራኝ ተኳሽ ጥሩ ነው» አሉኝ። በምን ያውቃሉ ብላቸው «አላውቅም፣ ፊትሽን አይቼ ነው» አሉ።

ሜሮን እሑድ ተመለሰች። ብርድ ጉንጯን ሰንጥቆታል። አራቱን ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጣ አንድ ጥንቸል አይታለች። በአምስተኛው ቀን አጋዘን ወጣላት፤ ከጀርባው ማን እንዳለ ስላልታያት ቃታውን ሳትስብ ተወችው። አማቷ ደህና አደረግሽ አሏት። እጮኛዋ እስከ ዛሬ ያሾፍባታል።

እኔ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሠርቼ ወጣሁ። አሁን ካውንተር ላይ ለቆማችሁ፣ ምንም ብትሸጡ፣ የማውቀው ይህን ነው። ሰው የትኛው ብራንድ ይሻላል ብሎ ሲጠይቃችሁ መጀመሪያ ስለ ሰውየው ጠይቁ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጠይቁ፣ አትዝለሉ። የምታውቁት ሰው ሲመጣም እንደዚያው። ያወቃችሁት ከመሰላችሁ ሁለቴ ጠይቁት።